ቀንድ አውጣ ስንቀልብ

የዓሣው መስታወት ቤታችን የገባው የልጄ እግር በተሰበረበት ክረምት ነው። ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው አቀበት ላይ ዝናብ ያሟለጨው ድንጋይ አንሸራቶ ጣላትና እስከ ጉልበቷ ጀሶ ታሰረላት። ደባርቅ በክረምት ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ እስከ በራችን ድረስ ይመጣል። ልጄ መስኮት ሥር ብትቀመጥም ከጎረቤታችን የቆርቆሮ አጥር ሌላ የምታየው ነገር አልነበራትም። ታለቅሳለች፣ ትነጫነጫለች፣ ጀሶው ውስጥ ያሳክከኛል ትላለች።

ባለቤቴ ከጎንደር ደባርቅ ሚኒባስ ይነዳል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ።

«ቀስ፣ ቀስ፣ መስታወት ነው» አለ።

ጎንደር ላይ ቤት የሚለቁ ሰዎች ዕቃቸውን ሲሸጡ አግኝቶት ነው። ሦስት ወርቃማ ዓሦችም አብረው ተሸጠውለት፣ ውሃ በተሞላ ፌስታል ውስጥ ሆነው ጋቢና ከጎኑ ተቀምጠው ነበር የመጡት። ሻጩም «እነዚህ ብርድ ይችላሉ፣ ደባርቅ አይገድላቸውም» ብሎታል። ልጄ ያን ቀን እግሯን ረሳችው።

መስታወቱን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀመጥነው፤ ሶኬት ያለው እዚያ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ክረምት የተማሪ ዩኒፎርም የሚበዛብኝ ወቅት በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ከመኪናው አልነሣም። ልጄ እግሯን ትራስ ላይ ዘርግታ መስታወቱ ሥር ትቀመጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ዓሦቹ መኪናው ሲንቀሳቀስ ወደ ጥግ ይሸሻሉ፣ ሲቆም ይመለሳሉ። ለሦስቱም ስም አወጣችላቸው። ስማቸውን ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች፤ ስለዚህ እዚህም አልጽፈውም። እኔና እሷ ብቻ ነበርን የምናውቀው፣ አባቷ እንኳ አያውቅም። አንዳንዴ ክሩን ለማስገባት ቀና ስል ፊቷ በመስታወቱ ውስጥ ከውሃው ጋር ሲወዛወዝ አያለሁ፤ ያን ጊዜ በዚህ ዓለም የምፈልገው ነገር ሁሉ በዚህች ክፍል ውስጥ ነው ብዬ አስባለሁ። ጀሶው ሲፈታ ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔም ደስ ብሎኛል አልኩ።

በመስከረም ታናሽ እህቴ ዳባት ተመደበች። የሒሳብ መምህርት ናት። ከዚያ በፊት ሩቅ አገር ታስተምር ስለነበር በዓመት አንዴ ለፋሲካ ካልሆነ አናያትም ነበር። ዳባት ግን ለደባርቅ ጎረቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት መኪና ትይዝና እኛ ቁርስ ሳንጨርስ ትደርሳለች፣ አድራ እሑድ ከሰዓት ትመለሳለች።

ስለ እህቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እናታችን ኮሶዬ አካባቢ ገጠር ነው የምትኖረው፤ የወለደችውም ሁለታችንን ብቻ ነው። እኔ አሥረኛ ክፍል ስጨርስ ጎንደር ሄጄ ስፌት ተማርኩ፣ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ማንም አላስገደደኝም፤ ስፌት እወድ ነበር፣ አሁንም እወዳለሁ። ነገር ግን እናቴ ሰው ስለ ልጆቿ ሲጠይቃት «አንዷ መምህርት ናት» ትልና ዝም ትላለች። ሁለተኛዋስ ብሎ የሚጠይቃት ከተገኘ ነው እኔን የምትጨምረኝ። እህቴ ደግሞ ሳቋ ያምራል፤ የማንም ቤት ስትገባ ቤቱ በአንድ አፍታ የሷ ይሆናል። ድመት እንኳ ወደሷ ትሄዳለች። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ስለኖርኩ የለመድኩት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ የውሃ ሣር ይዛ መጣች። ከዳባት ወጣ ብሎ ካለ ምንጭ ጫማዋን አውልቃ ገብታ ራሷ የነቀለችው ነው።

«አኳሪየም ያለ ሣር ምን ያደርጋል? ዓሦቹ እስር ቤት ያሉ ነው የሚመስላቸው» አለች።

ልጄ አብራት እጅጌዋን ሰበሰበች። ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ክርናቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ሣሩን በጠጠሩ መሐል ሲተክሉ አረፈዱ። ይሳሳቃሉ። መኪናዬን ባቆም የሚሉትን እሰማ ነበር፤ ግን አላቆምኩም፣ እንዲያውም አፈጠንኩት። ሲጨርሱ መስታወቱ በእውነት አምሮ ነበር። ዓሦቹ በሣሩ መሐል ብቅ ጥልቅ ይላሉ።

«መስታወቱ አማረበት» አልኩ።

ልጄ ዞር ብላ «መስታወት አይባልም እማዬ፣ አኳሪየም ነው የሚባለው» አለችኝ።

አንድ ክረምት ሙሉ «መስታወቱ» ስንለው የኖርነው እኔና እሷ ነን።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ልጄ ወደ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ መስታወቱ ላይ የተልባ ፍሬ የሚያክል ቡናማ ነጥብ አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ በጨርቅ ልጠርገው ብል ከውስጥ በኩል ነው። ቀረብ ብዬ ስመለከተው ይሄዳል። ከሣሩ ቅጠል ሥር ደግሞ እንደ ጠራ ሙጫ የሆነ ነገር ተለጥፎ አየሁ፤ በውስጡ ጥቃቅን ነጥቦች አሉበት። ቀንድ አውጣ ነው፣ ከነእንቁላሉ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን በትክክል አስታውሳለሁ፤ ደስታ ነበር። እህቴ በሃይላንድ ይዛ የመጣችው ሣር ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ቅዳሜ እስኪደርስ ቸኮልኩ። ገና ነጠላዋን ሳታስቀምጥ ወደ መስታወቱ ወሰድኳት።

«ያመጣሽው ሣር እንግዳ ይዞ መጥቷል» አልኳት።

ጎንበስ ብላ አየች። «ውይ፣ እውነትም» አለችና ሳቀች። «አይዞሽ እታለም፣ እኔ ያመጣሁትን እኔው አነሣዋለሁ።»

ልጄ ግን እጇን አጨበጨበች። «አክስቴ፣ ልጆች ወልደዋል! አንቺ ያመጣሻቸው ናቸው?» ለሷ ተባይ አልነበሩም፤ ከአክስቷ የመጡ ተጨማሪ ስጦታዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ መብዛት ጀመሩ። የቀንድ አውጣ አበዛዝ ላላየው ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ዛሬ እዚህም እዚያም የነበሩት በሳምንቱ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች ነጠብጣብ ያደርጉታል። የሣሩን ቅጠል ይበሱታል፣ በአየር መንፊያው ሞተር ቱቦ ውስጥ ገብተው አየሩን ያፍኑታል፣ ልብስ ሊያስለካ የሚመጣ ሰው ደግሞ «ምንድን ነው እሱ?» እያለ ፊቱን ያጨማድዳል። እኔ በየጠዋቱ ልጄ ስትወጣ ወረንጦ ይዤ መልቀም ያዝኩ። በሳፋ ሰብስቤ ለዶሮዎቼ እሰጣቸዋለሁ፤ ዶሮዎቹ ለምደው ሳፋውን ሲያዩ ከግቢው ጫፍ እየሮጡ ይመጣሉ። ጣቴ በቀዝቃዛው ውሃ እስኪደነዝዝ እለቅማለሁ። ለልጄ አልነገርኳትም። ለምን እንዳልነገርኳት አሁን ይገባኛል። ራሷ እንድታውቅልኝ ፈልጌ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መስታወቱን አይታ «እማዬ፣ ጠራ እኮ፣ ምን አድርገሽ ነው?» እንድትለኝ እጠብቃለሁ። እሷ ቦርሳዋን ጥላ ትበላለች፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

እህቴ ስልኳ ላይ አንብባ አንድ ዘዴ ይዛ መጣች። ቅዳሜ ከገበያ ሰላጣ ገዛች። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ሁለቱ ሆነው አንዱን ቅጠል በፈላ ውሃ ለዘብ አድርገው፣ ግንዱ ላይ ድንጋይ አስረው መስታወቱ ውስጥ አሰጠሙት። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ ልጄ ቀድማን ሮጠች። ቅጠሉ አይታይም፤ ቀንድ አውጣ ለብሶ ጠቁሯል። እህቴ በቀስታ ከውሃው አውጥታ ሳፋ ላይ ዘረገፈችው።

«አየሽ፣ ማሳደድ አያስፈልግም፤ ራሳቸው ይመጣሉ» አለች ለልጄ።

ልጄ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «አክስቴ አንድ ቀን መጥታ ሁሉንም አነሣችልን!» አለች፣ ለአባቷ ለመንገር እየሮጠች።

ሳምንቱን ሙሉ የለቀምኩት ከዚያ ቅጠል ላይ ከነበረው ይበልጥ እንደነበር ዶሮዎቹ ይመሰክራሉ። አፌን ከፍቼ ልናገር ነበር፣ ግን ምን ብዬ? ከገዛ እህቴ ጋር በቀንድ አውጣ ብዛት ልከራከር ነው? ወጥ ላማስል ብዬ ማድ ቤት ገባሁ። ወጡ ገና አልተጣደም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅናቴ ልክ አጣ። ሁሉ ነገር ያስቀናኝ ጀመር። ልጄ አንድ ነገር ስትሰማ «ቅዳሜ ለአክስቴ እነግራታለሁ» ስትል እቀናለሁ። እኔ ያስጠናኋትን ትምህርት እህቴ አንዴ ስትደግምላት «አሁን ገባኝ» ስትል እቀናለሁ። ዓሦቹ እንኳ! እህቴ ጣቷን መስታወቱ ላይ ስታስጠጋ ሦስቱም ተንጋግተው ይመጡላታል። እኔ ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው እየዋልኩ የሚመጣልኝ የለም። ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከምግብ ጣሳቸው ቆንጠር እያደረግኩ ጣል አደርግላቸው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ከመኪናዬ ስነሣ መምጣት ለመዱ። ደስ አለኝ። ማንም ባያይም ደስ አለኝ።

ጥር ላይ እናቴ ለአስተርእዮ ማርያም ወደኛ መጣች። ቤት ውስጥ የማይበላ ዓሣ አስቀምጦ መቀለብ ለሷ ትልቅ ጉድ ነው። ጋቢዋን ተከናንባ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይኼ ቀንድ አውጣ ምን ይሠራል?» አለች።

«አስቸግሮን ነው እማማ» አለቻት ልጄ። «አክስቴ በሰላጣ ታወጣቸዋለች፣ ግን ተመልሰው ይመጣሉ።»

«እንዶድ ነዋ የሚያጠፋው። እኛ ልብስ የምናጥብበት ወንዝ፣ የእንዶዱ አረፋ በወረደበት በኩል አንድ ቀንድ አውጣ አይተርፍም ነበር። እናትሽ ታውቀዋለች።»

ልጄ ወደኔ ዞረች። ከስንት ጊዜ በኋላ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። «እውነት ነው እማዬ? ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ» አልኩ። እንዴት አላውቀው፤ ልጅነቴ ያለፈው እንዶድ ስወቅጥ፣ ነጠላ ሳጥብ ነው። እናቴ ከኮሶዬ ሰው ልካ የደረቀ የእንዶድ ፍሬ አስመጣችልን። ወቀጥኩት። ልጄ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ አቧራው እያስነጠሳት፣ በልጅነቴ ስላጠብኩበት ወንዝ ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ በሳህን እንሞክረው ተባባልንና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች በውሃ ውስጥ አድርገን ዱቄቱን ነሰነስንበት። ነጭ አረፋ አወጣ። በማግስቱ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም፤ ሥጋቸው ከቅርፊታቸው ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ከአክስቴ ትበልጫለሽ» አለች ልጄ።

ይህን ስትል ገና ረቡዕ ነበር። ያኔውኑ መስታወቱ ውስጥ እንድንጨምረው ለመነችኝ። እኔም እችል ነበር፣ ዱቄቱ ተዘጋጅቶ በብርጭቆ ተቀምጧል። ግን አልኳት፣ «ቅዳሜ አክስትሽ ስትመጣ እናደርገዋለን።» እንድታይ ፈልጌ ነበር። በዓይኗ አይታ፣ የሷ ሰላጣ ያቃተውን የኔ እንዶድ ሲጨርሰው፣ እናታችንም ባለችበት። ሦስት ቀን እንዴት እንደሚረዝም ያወቅኩት ያኔ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። እህቴ ገባች፣ እናታችንን ጉልበቷን ስማ ተቀመጠች። ልጄ ብርጭቆውን አንሥታ ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። እህቴ ሳቅ የምትል መስሎኝ ነበር፤ ፊቷ ግን ተለወጠ።

«ዓሣ ሞክራችሁበታል?» አለች።

«ምኑን?» አልኩ።

«እንዶዱን። ቀንድ አውጣ ብቻ ነው የሞከራችሁት ወይስ ዓሣም አለበት?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እታለም፣ ትዝ አይልሽም? ያን ጊዜ፣ የእናታችንን ጋቢ ያጠብንበት ቀን። እኔ ትንሽ ነበርኩ። ከምናጥብበት ዝቅ ብሎ ባለው ኩሬ እነዚያ ትንንሽ ዓሦች ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። እኔ ሳለቅስ አንቺ ‹ተኝተው ነው› አልሽኝ።»

ትዝ አለኝ። ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ፤ የውሃው ሽታ፣ አረፋው በድንጋዮቹ መሐል ሲጠማዘዝ፣ እህቴ ቀሚሷን ሰብስባ ኩሬው ዳር ቆማ ስታለቅስ። በጀርባዬ አዝያት ነበር ዳገቱን የወጣነው።

እናቴም ራሷን ነቀነቀች። «አዎን፣ ዓሣውንም ይፈጃል። እናንተ የጠየቃችሁኝ ስለ ቀንድ አውጣው ነው።»

ልጄ ብርጭቆውን በጥንቃቄ፣ እንደሚፈነዳ ነገር፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያም ወደ አክስቷ ተጠጋች። «አክስቴ ባትመጪ ኖሮ ዓሦቼ ሞተው ነበር» አለች።

ማንም ወደኔ አላየም። እህቴን ለማሳየት ብዬ ባልጠብቅ ኖሮ ረቡዕ ዕለት ሦስቱም ተገልብጠው ነበር። ዓሦቹን ያተረፋቸው ቅናቴ ነው። ይህን ለማን እነግራለሁ? ብርጭቆውን ወስጄ ዱቄቱን ለልብስ ማጠቢያ አስቀመጥኩት። እህቴ ተከትላኝ ወጥታ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፤ ደግ ነበረች፣ ደግነቷም አናደደኝ።

የነገሩ ምሥጢር የተገለጠው በዓሣ ምግብ ጣሳ ነው። ከበዓሉ በኋላ አንድ እሑድ ባለቤቴ ቤት ውሎ ነበር። እናቴ ወደ ገጠር ተመልሳለች። ልጄ ጣሳውን ገልብጣ «አባዬ፣ ምግባቸው አልቋል፣ ከጎንደር አምጣልኝ» አለችው።

«እንዴት ያልቃል?» አለ ባለቤቴ። «ሻጩ እስከ ፋሲካ ይበቃል ብሎኝ ነው እኮ። ማነው የሚያበላቸው?»

«እኔ» አለች ልጄ። «ጠዋት። እና ማታ ትንሽ።»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን ባለቤቴ ወደኔ አየ። «እኔም አንዳንዴ ምሳ ሰዓት ላይ ጣል አደርግላቸዋለሁ» አልኩ።

«አንዳንዴ?»

«በየቀኑ።»

ልጄ አፏን ከፍታ አየችኝ። ይህን ጊዜ እህቴ ከጥግ ጉሮሮዋን ጠረገች። እህቴን ስታፍር ያየሁት በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው። «እኔም ከመጣሁ ለቀቅ አድርጌ ነው የምሰጣቸው» አለች። «ሳምንቱን ሙሉ ስለማያዩኝ… እንዳይረሱኝ ብዬ ነው።»

ባለቤቴ ተነሥቶ መስታወቱ ሥር በርከክ አለ። ጠጠሩን በእንጨት ማማሰያ ቢነካው ከሥር ያልተበላ ምግብ እንደ ገንፎ ሆኖ ተነሣ፤ ቀንድ አውጣዎቹ በዚያ ውስጥ ተርመሰመሱ። «በሉ እንግዲህ» አለ፣ «ዓሣ መስሏችሁ ሦስታችሁም ቀንድ አውጣ ስትቀልቡ ነው የከረማችሁት።» መሳቅ ጀመረ፣ ልጄም ሳቀች። እኔና እህቴ ተያየን። «እንዳይረሱኝ» ያለችው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ዳባት ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ሳምንቱን ሙሉ ለብቻዋ ደብተር ስታርም እንደምትከርም ያኔ ነው ያሰብኩት። ቅዳሜ ጠዋት መኪና ለመያዝ በብርድ ስትቆም ምን እያሰበች እንደምትቆም አሰብኩ። አሳዘነችኝ። ግን ቅናቱ በዚያ አልጠፋም። ማዘንና መቅናት አንድ ሆድ ውስጥ አብረው ያድራሉ።

ከአሁን በኋላ የሚያበላ ሰው አንድ ይሁን፣ ሰዓቱም ጠዋት ብቻ ይሁን ተባለ። ልጄ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤቷ ፈረቃ ስለሚቀይርባት ሌሊት ተነሥታ ልትሄድ ነው፤ ስለዚህ ራሷ ማድረግ አትችልም። አባቷ «እንግዲያው ማን ይሁን? ዓሦቹ ያንቺ ናቸው፣ አንቺ ምረጪ» አላት።

አሁን ሳስበው ያሳፍራል፤ እኔን እንድትጠራ እየጠበቅኩ ነበር። እህቴም ወለሉን ታያለች። ልጄ ጣቷን ነክሳ አሰበች፣ ከዚያ «እማዬ» አለች።

ጣሳውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«ምክንያቱም እማዬ ሁልጊዜ ቤት ናት፤ የትም አትሄድም» አለች።

የመረጠችኝ ከመኪናው ጋር፣ ከጠረጴዛው ጋር፣ ከሶኬቱ ጋር ቆጥራኝ ነው። «እሺ» አልኩ።

ምግቡን ቀነስኩ፤ በቀን አንዴ፣ ዓሦቹ ወዲያው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። እህቴ በየቅዳሜው የውሃ ጎማ አስገብታ የጠጠሩን ቆሻሻ በአፏ ስባ ወደ ባልዲ ታወርዳለች፣ እኔ ከቀዳሁ በኋላ ያሳደርኩትን ንጹሕ ውሃ እጨምራለሁ። ሰላጣውንም ቀጠልን። ወረንጦዬንም አልጣልኩም፤ አሁን ግን እህቴም የራሷን ይዛ መጣች። ቀንድ አውጣዎቹ ፈጥነው አልጠፉም። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ተርበው መስታወቱን ሸፈኑት፣ ተስፋ ቆርጠን ነበር። በኋላ ግን ትልልቆቹ ሳሱ፣ ትንንሾቹን ዓሦቹ ራሳቸው ይለቅሟቸው ጀመር። ፋሲካ ሲደርስ ውሃው ጠርቶ ከኋላው ያለውን የግድግዳ ቀለም ማየት ተቻለ። ጥቂቶች ቀርተዋል፤ ጥቂቶች ሁልጊዜ ይቀራሉ።

በዚህ ሁሉ መሐል ልጄ ከመስታወቱ መራቅ የጀመረችበትን ቀን አላውቀውም። ትምህርት ቤት መረብ ኳስ ጀመረች። አንዲት ጓደኛ አገኘች፤ ቤታቸው ከአስፋልቱ ማዶ ነው፣ እናቷ ሱቅ አላቸው። መጀመሪያ ለጥናት ብላ ሄደች፣ ከዚያ ለጨዋታ፣ ከዚያ ያለ ምክንያት። የጓደኛዋ ስም በቤታችን ውስጥ እንደ ጨው ሆነ፣ የማይገባበት ወሬ ጠፋ።

አንድ ቅዳሜ እህቴ እንደ ልማዷ ገባች፣ ዙሪያውን አየች።

«የት ሄደች?»

«ጓደኛዋ ጋ።»

«መምጣቴን አታውቅም?»

«ነግሬያት ነበር። ‹እመለሳለሁ› ብላለች።»

እህቴ ከዳባት የያዘችውን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ለልጄ የገዛችው የፀጉር ማስያዣ ነበረበት። ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ በሩ ላይ ቆማ አስፋልቱን አየች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። በመጨረሻ «ያቺ ልጅ ግን ምን አላት?» አለች።

ድምፅዋን አወቅኩት። ባለፉት ወራት ውስጤ ሲናገር የኖረ ድምፅ ነው፣ ቃል በቃል።

«ምንም የላትም» አልኩ። «እናቷ ብስኩት ይሰጧቸዋል መሰለኝ።»

«በብስኩት ነዋ!»

«ቴሌቪዥናቸውም ትልቅ ነው።»

እህቴ ከንፈሯን መጠጠች። ሁለታችንም ያቺን ሴትዮ በደንብ አናውቃትም ነበር፤ አንዴ ሱቋ ውስጥ ክር ስገዛ አይቻት ነበር እንጂ። ያም ሆኖ ስለሷ ብዙ ተናገርን። ሱቋ ውድ መሆኑን፣ ሳቋ መጮኹን፣ የሰው ልጅ ቤቷ ሲውል «እናትሽ አታስብም?» ብላ መመለስ እንደነበረባት። እህቴ ያለችውን እኔ አጸናለሁ፣ እኔ ያልኩትን እሷ ትጨምርበታለች። እኔና እህቴ እንዲህ ተስማምተን ካወራን ብዙ ዓመት ሆኖን ነበር። እያወራን እጅጌዋን ሰበሰበች፣ እኔ ባልዲ አቀረብኩላት፣ ጎማውን አስገባች። ዓሦቹ ወደሷም ወደኔም መጡ። ምግብ አልሰጠናቸውም።

ልጄ የመጣችው ውሃውን ለውጠን ልንጨርስ ስንል ነው። በሩን ከፍታ «አክስቴ!» ብላ ሳመቻት፣ እኔንም ሳመችኝ። መስታወቱን አላየችውም። ፀጉሯ ተሠርቶ ነበር፤ ቀጭን፣ የተስተካከለ ሹሩባ፣ ከግንባሯ ጀምሮ ወደ ኋላ የወረደ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጨሌ የገባበት። ከተወለደች ጀምሮ ፀጉሯን ከኔ ሌላ የነካው ሰው የለም።

«ማን ሠራሽ?» አልኳት።

«የጓደኛዬ እናት። ሁለታችንንም አንድ ዓይነት ሠሩን። አያምርም?»

እህቴ ጎማውን እንደያዘች ወደኔ አየች። ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ እንደተቋጠረ ነበር። ልጄን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኳት፣ ስፌት እንደሚመረምር ሰው መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት። አንድም ቦታ አልተዛነፈም።

«ያምራል» አልኩ፤ ያምር ነበርና።

እህቴ ባልዲውን አንሥታ ቆሻሻውን ውሃ ልትደፋ ወደ ጓሮ ወጣች።